ልጄ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ቻይልድ ቤኔፊቱ (የመንግሥት የልጅ ድጎማው) ግን አሁንም እየገባ ነው፤ እንዴት ላስቁመው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ሰሜን ለንደን

እንደምን ከረማችሁ። ጉዳዬ ረዘም ያለ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

እኔና ባለቤቴ ለንደን ስንኖር አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖናል። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ወንዱን ባለፈው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ፣ አማርኛውን እንዲይዝና አያቱን እንዲያውቅ ብለን አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ወሰድነው። ሐሳባችን ለትምህርት ቤት እረፍቱ ብቻ ነበር፤ ልጁ ግን ሰፈሩን ለመደ፣ እናቴም ሰው አገኘች፣ እኛም ዓመቱን እዚያው ይማር አልን፤ አሁን ሁለተኛውን ዓመት ጀምሯል።

ባለፈው ሳምንት የሴቷ ልጄ የሕፃናት መዋያ አንድ ቅጽ ሰጠኝ። በቤታችሁ ስንት ልጆች ይኖራሉ የሚል ጥያቄ ነበረበት። እጄ ሳላስበው ሁለት ብሎ ጻፈ፤ ትንሽ ቆይቼ ሰረዝሁትና አንድ አልሁ። በዚያው ማታ የባንክ ሒሳባችንን ከፍቼ ስመለከት፣ በየአራት ሳምንቱ ሰኞ ሰኞ 173 ፓውንድ ከ20 ፔንስ የሁለት ልጅ ቻይልድ ቤኔፊት እየገባ ነው። ልጁ ከዚህ ቤት ከወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆነ ብዬ የደበቅሁት ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን አላሳወቅሁም፤ አላሳወቅሁም ማለት ደግሞ የማይገባኝን ወስጃለሁ ማለት መሆኑ ገብቶኛል።

ባለቤቴ ባቡር ነጂ ነው፤ ዘንድሮ በትርፍ ሰዓት ምክንያት ገቢው ወደ 68,000 ፓውንድ እንደሚደርስ ይገምታል፤ ይህም ሌላ የታክስ ጣጣ እንዳለበት ሰምቻለሁ። እኔ ከልጄ ጋር ቤት ነው የምውለው። አንድ ወዳጃችን ቤኔፊቱን ጠቅልለሽ ካስቆምሽ ጡረታሽ ይጎዳል አለችኝ። የቱን ላስቁም፣ የቱን ልተው?

ብርሃኑ፣ ክሮይደን

እህቴ፣ አትደንግጪ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ልጁ ከሌላ ሰው ጋር ቢኖርም እንኳ ወላጁ ለቀለቡና ለልብሱ ቢያንስ የድጎማውን ያህል የሚያወጣ ከሆነ ክፍያው ይቀጥላል። ለእናትሽ በየወሩ ገንዘብ ትልኪ የለም ወይ? የላክሽበትን ደረሰኝ ብቻ በጥንቃቄ አስቀምጪ። በእኔ ግምት መብትሽ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ በርሚንግሃም

ሥራዬ የሰዎችን የታክስ ሒሳብ መሥራት በመሆኑ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይገጥመኛል። አቶ ብርሃኑ በቅንነት የጻፉት ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሹ ግን ሰውን ዕዳ ውስጥ የሚከት ነው። የቀለብ ወጪ መሸፈን የሚያገለግለው ልጁ እዚሁ ብሪታንያ ውስጥ፣ ለምሳሌ ሌላ ከተማ አክስቱ ዘንድ ሲኖር ነው። ልጁ ራሱ ከአገር ወጥቶ ሲኖር ግን ምንም ያህል ገንዘብ ቢላክለት ድጎማው አይገባውም። ለአጭር ጊዜ ሽርሽር ወይም ለሕመምና ለሐዘን መውጣት በሳምንታት የተወሰነ ትዕግሥት ተሰጥቶታል፤ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ልጅ ግን በየትኛውም አቆጣጠር ከዚያ ውጭ ነው።

እመቤቴ፣ እርስዎ ሁለት ነገር ስለተቀላቀለብዎ ነው የተጨነቁት። ወንዱን በሚመለከት ጥያቄው ክፍያ ይቅርብኝ የማለት አይደለም፤ መብቱ ራሱ የለም። ስለዚህ የሚደረገው ሁኔታው መለወጡን ለታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም ለኤችኤምአርሲ ማሳወቅ ነው። በስልክም፣ በኢንተርኔትም፣ በደብዳቤም ይቻላል። ከመደወልዎ በፊት የበረራ ትኬቱን ያግኙ፤ የሚጠየቁት ልጁ የወጣበትን ትክክለኛ ቀን ነው፤ በግምት የተነገረ ቀን በኋላ ሒሳቡን ያበላሸዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። የሚቀነሰው የበኩሩ ክፍያ አይደለም። በ2025/26 የታክስ ዓመት ለመጀመሪያው ልጅ በሳምንት 26.05 ፓውንድ፣ ለተከታዩ 17.25 ነው የሚከፈለው፤ ወንዱ ከሒሳቡ ሲወጣ ሴቷ በመጀመሪያው ልጅ ቦታ ትገባለች። ስለዚህ ከእርስዎ ላይ የሚፈለገው በሳምንት 17 ፓውንድ ገደማ ነው፤ አንድ ዓመት ቢሆን ወደ 900 ፓውንድ ይጠጋል። ሸክም ነው፤ ግን የሚከፈል ሸክም ነው፤ በአንድ ጊዜ ካልቻሉም በየወሩ ለመክፈል መጠየቅ ይችላሉ።

የሴቷ ጉዳይ ፍጹም የተለየ ነው። ለእርሷ መብቱ አለዎት። ሆኖም ከ2013 ጀምሮ ከባልና ሚስት የአንዱ ገቢ ከፍ ካለ ድጎማው በታክስ መልክ መልሶ የሚወሰድበት ሥርዓት አለ። ወሰኑ መጀመሪያ 50,000 ፓውንድ ነበር፤ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ 60,000 ሆኗል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 200 ፓውንድ ከድጎማው አንድ በመቶ ይመለሳል፤ 80,000 ላይ ሙሉ በሙሉ ያልቃል። የባለቤትዎ ገቢ 68,000 ከሆነ ትርፉ 8,000 ነው፤ ለሁለት መቶ ሲካፈል አርባ ይሆናል፤ ስለዚህ አርባ በመቶው ይመለሳል። የሴቷ ዓመታዊ ድጎማ 1,354 ፓውንድ ከ60 ፔንስ ነው፤ ከዚህ ላይ 541 ፓውንድ በባለቤትዎ ስም በታክስ ይከፈላል፤ 813 ገደማ በሕጋዊ መንገድ እጅዎ ላይ ይቀራል። የሁለታችሁ ገቢ እንደማይደመር ልብ ይበሉ፤ የሚታየው የበለጠው ሰው ገቢ ብቻ ነው። ባለቤትዎ ወደ ጡረታ ቁጠባው የሚያስገባው ገንዘብ ደግሞ ከዚህ ሒሳብ ይቀነስለታል።

ወዳጅዎ ስለ ጡረታ የነገረችዎት እውነት ነው፤ የምፈራውም እሱን ነው። ሥራ የሌላት እናት ልጇ 12 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለመንግሥት ጡረታ የሚቆጠረውን የናሽናል ኢንሹራንስ ነጥብ የምታገኘው በቻይልድ ቤኔፊት ማመልከቻው አማካይነት ነው። ሙሉ የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት በአብዛኛው የ35 ዓመት ነጥብ ያስፈልጋል፤ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ምንም የለም። ስለዚህ ገቢው ከ80,000 ያለፈ ቤተሰብ እንኳ ማመልከቻውን መዝጋት የለበትም፤ ማመልከቻው ይኑር፣ ገንዘቡ ግን ይቅርብን ማለት ይቻላል። በቅጹም በኢንተርኔቱም ላይ ለዚህ የተለየ ምርጫ አለ።

ተስፋዬ፣ ኤድንብራ

የሒሳብ ሠራተኛዋ የጻፉትን የመጨረሻውን ሐሳብ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እኛ ቤት የደረሰው ይኸው ነው። ሁለተኛዋ ልጃችን በ2021 ስትወለድ የእኔ ገቢ ከወሰኑ በላይ ስለነበር፣ የማይገባንን ምን አስጠየቀን ብለን ቅጹን ጭራሽ ሳንሞላ ቀረን። ታማኝነት መስሎን ነበር። ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች ስታሳድግ አራት ዓመት ቤት ዋለች፤ ባለፈው ወር የጡረታ መዝገቧን በኢንተርኔት ከፍተን ስናይ እነዚያ ዓመታት አንድ በአንድ፣ በየመስመሩ፣ ያልተሟላ ዓመት ተብለው ተጽፈዋል። እርሷ ምንም አላለችም፤ ስክሪኑን ብቻ ወደ እኔ አዞረችው። ማመልከቻ ወደኋላ የሚቆጠረው ለሦስት ወር ብቻ እንደሆነም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለዚህ መፍትሔ አለ ወይ?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ በርሚንግሃም

አቶ ተስፋዬ፣ በጣም አዝናለሁ፤ እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ ናቸው። አሁኑኑ ክፍያው ይቅር የሚለውን መርጣችሁ በባለቤትዎ ስም አመልክቱ፤ ከእንግዲህ የሚመጡት ዓመታት ይያዛሉ። ላለፉት ዓመታት ደግሞ በዚህ ምክንያት ሳያመለክቱ የቀሩ ወላጆች ከ2013 ወዲህ ያለውን ነጥብ እንዲጠይቁ የሚያስችል አሠራር ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ እንደሚዘረጋ መንግሥት አስታውቋል። ቀኑን በማስታወሻ ይያዙ፤ ቅጹ በተከፈተበት ሳምንት እንድታመለክቱ እመክራለሁ።

አንድ አባት፣ ማንችስተር

እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ፤ ቅር አትሰኙብኝ። ይህች እናት ባለቤቷ ለአሥራ ሁለት ዓመት ታክስ የከፈለ ሰው ነው። ልጁ እዚህ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ለመንግሥት የሚያስወጣው ከ17 ፓውንድ የትና የት ይበልጥ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ትንሽ ነገር እየቆሰቆሱ ራስን ማሳወቅ፣ በተለይ ዜግነት ገና ለሚጠይቅ ሰው፣ መዘዝ አያመጣም ወይ? ልጁ ሲመለስ ሁሉም ነገር በራሱ ይስተካከላል ብዬ ነው የማስበው።

ገነት፣ ሌስተር

ወንድሜ፣ የሚሉት ስሜት ይገባኛል፤ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ያሳለፍሁትን ልንገርዎት።

እናቴን እያስታመምሁ በ2024 ኬረርስ አላዋንስ የሚባለውን የአስታማሚ ድጎማ እቀበል ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ በሳምንት 13 ሰዓት እሠራ ነበር። በሰዓት 11 ፓውንድ ከ44 ነው፤ በሳምንት 148 ፓውንድ ከ72 ይሆናል፤ በጊዜው የሚፈቀደው 151 ስለነበር ሕጉን ጠብቄያለሁ። ከምንከባከባቸው አንዱ ሽማግሌ ግን ማታ ከመተኛታቸው በፊት የሚያፈላላቸው ሰው አጥተው ሻይ ሳይጠጡ ይተኙ ነበር። አለቃዬ አንድ ሰዓት ጨምሪላቸው አለችኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ጨመርሁ። 14 ሰዓት 160 ፓውንድ ከ16 ሆነ። በዚህ ድጎማ ላይ እንደ ቻይልድ ቤኔፊቱ በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ የለም፤ ወሰኑን በአንድ ፓውንድ ቢያልፉ የዚያ ሳምንት ክፍያ፣ በጊዜው 81 ፓውንድ ከ90፣ ሙሉ በሙሉ አይገባዎትም። በአንድ ሰዓት 11 ፓውንድ አገኛለሁ ብዬ በየሳምንቱ 82 ፓውንድ ገደማ ዕዳ እያስመዘገብሁ 26 ሳምንት ሠራሁ። ደብዳቤው ሲመጣ ከ2,100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ ብደውል ኖሮ ይህ ሁሉ 82 ፓውንድ ብቻ ነበር። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። አሁንም በወር 60 ፓውንድ እየከፈልሁ ነው። ደብዳቤው ራሱ ከገንዘቡ ይልቅ አሳመመኝ፤ በሕይወቴ የሰው ነገር ነክቼ አላውቅም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ያላሳወቁ ተብዬ ተጽፌያለሁ። በራሱ ይስተካከላል የሚሉት ነገር የለም፤ ማንም ሳይነካው በየሳምንቱ እያደገ ነው የሚጠብቀው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ በርሚንግሃም

በእህታችን በገነት ላይ የምጨምረው ትንሽ ነው። በዜግነት ማመልከቻ ላይ የሰው ጠባይና የገንዘብ ታማኝነት ይታያል፤ ራሱ ቀርቦ ተናግሮ እየከፈለ ያለ ሰው፣ ከተደረሰበት ሰው ጋር በአንድ ዓይን አይታይም። ደግሞም መረጃው ተደብቆ የሚቀር አይደለም። በ2025 መንግሥት የድንበር ጉዞ መዝገብን ከቻይልድ ቤኔፊት መዝገብ ጋር በስፋት ማስተያየት ጀምሯል፤ በዚያም ወጥተው የተመለሱ፣ እዚሁ የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች ጭምር ክፍያቸው በስህተት ቆሞባቸው ነበር። ስለዚህ ልጁ የተመለሰ ሰውም ቢሆን የመመለሻ ትኬቱንና የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አይጣል።

ሰናይት፣ ለንደን

ከርእሱ ብዙ ሳልወጣ አዲስ ለመጡ እህቶች አንድ ነገር ላሳስብ። በጋብቻ ቪዛ ገብታችሁ ፈቃዳችሁ ላይ ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ (የመንግሥት ድጎማ መቀበል አይፈቀድም) የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ቻይልድ ቤኔፊትም ከተከለከሉት ድጎማዎች አንዱ ነው። ለእናት ነው የሚከፈለው ሲባል ሰምታችሁ በራሳችሁ ስም እንዳታመለክቱ፤ ዜጋ የሆነው ወይም ቋሚ ፈቃድ ያለው ባለቤታችሁ በእርሱ ስም ይጠይቅ። አመልክታችሁ ከሆነም የቪዛ ማደሻችሁ ሳይደርስ ለመሥሪያ ቤቱ ንገሩ፤ የስደት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃም አማክሩ።

ጋሽ መኮንን፣ ለንደን

ልጆቼ፣ ይህ ነገር የወጣቶች ብቻ አይደለም። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የክረምት ማሞቂያ ድጎማው በ2024 ከብዙዎቻችን ላይ ተነሥቶ በ2025 ሲመለስ፣ ዓመታዊ ገቢው ከ35,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ሰው ላይ በታክስ በኩል ተመልሶ እንዲወሰድ ተደረገ። የእኔ ጡረታ ከድሮ መሥሪያ ቤቴ ከሚመጣው ጋር ተደምሮ ከዚያ በላይ ነው። ተሰጥቶ መልሶ ከሚወሰድ አይምጣብኝ ብዬ በኢንተርኔት ቅጹን ሞላሁ፤ የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ አሳየችኝ፤ ሻያችን ሳይቀዘቅዝ ጨረስነው። በዕድሜዬ የመንግሥት ወረቀት ሁሉ ያስፈራኝ ነበር፤ ይኼኛው ግን አላስፈራኝም።

አንድ አባት፣ ማንችስተር

ገነት፣ ስላካፈሉኝ አመሰግናለሁ። ያነሣሁትን ጥያቄ ያነሣሁት ስለ ራሴም ስለሆነ ልናገር። ባለቤቴ ሐኪም ናት፤ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ገቢዋ ከ80,000 በላይ ነው፤ ቻይልድ ቤኔፊቱ ደግሞ በእኔ ስም እየገባ ነው። ማመልከቻውን ትቼ ክፍያውን ብቻ ባስቆም እስካሁን ዘንድሮ የገባው ምን ይሆናል?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ በርሚንግሃም

የታክስ ዓመቱ ከጀመረበት ከኤፕሪል 6 እስከሚቆምበት ቀን ድረስ የገባው በባለቤትዎ ታክስ ላይ ይታሰባል፤ ማስቆም የወደፊቱን እንጂ ያለፈውን አይሰርዝም። ደመወዝተኛ ስለሆኑ ከ2025 ወዲህ በተፈቀደው አሠራር በታክስ ኮዳቸው በኩል ከደመወዛቸው ቀስ በቀስ እንዲቀነስ መጠየቅ ይችላሉ፤ አለበለዚያ የታክስ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ኦክቶበር 5 ድረስ ለሴልፍ አሴስመንት (ገቢን ራስ አስታውቆ ታክስ ለመክፈል) መመዝገብ አለባቸው። ገቢያቸው ወደፊት ቢቀንስ ክፍያውን እንደገና ማስጀመር ይቻላል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሰሜን ለንደን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ልጄን አድርሼ እንደተመለስሁ ደወልሁ። ወረፋው ረዥም ነበር፤ ትኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁ። ያነሣችው ሴት የወጣበትን ቀን ጠየቀችኝ፣ አነበብሁላት፤ አሁን ከማን ጋር እንደሚኖር ጠየቀችኝ፣ ከእናቴ ጋር አልኋት፤ መች ይመለሳል ስትለኝ ግን ድምፄ ትንሽ ተሰበረ። እርሷም ጊዜ ሰጠችኝ።

ትናንት ደብዳቤው ደረሰ፤ ከ900 ፓውንድ ትንሽ የሚያንስ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ እንዳሉት ነው የሆነው። በየወሩ ልከፍል ፈልጌ ነበር፤ ባለቤቴ ግን የእቁባችን ተራ በታኅሣሥ ስለሚደርስ በአንድ ጊዜ እንጨርሰው አለ። የሴቷን ክፍያ አላስቆምንም፤ በየአራት ሳምንቱ ከሚገባው ላይ አርባ በመቶውን ለብቻ ሒሳብ ከፍተን እናስቀምጣለን፤ ባለቤቴም የጡረታ ቁጠባውን እንደሚያሳድግ ለሚሠራበት መሥሪያ ቤት ጽፏል። ሰኞ ዕለት የገባው 104 ፓውንድ ከ20 ፔንስ ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ቀርቶኛል። ልጁ በሚቀጥለው ሐምሌ ይመለሳል ብለን ወስነናል። ያን ጊዜ በራሱ ይቀጥላል ወይስ እንደ አዲስ ነው የማመለክተው?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ በርሚንግሃም

እንደ አዲስ ያመልክቱለት፤ በመጣ በሦስት ወር ውስጥ ከሆነ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል። የገባበትን ትኬትና ትምህርት ቤቱ የተቀበለበትን ደብዳቤ አብረው ያዘጋጁ፤ እርሱ ሲመለስ ሴቷ እንደገና የሁለተኛ ልጅ ክፍያ ላይ ስለምትሆን የሚገባው መጠን በመጀመሪያው ወር ትክክል መሆኑን ራስዎ ደምረው ያረጋግጡ።